ፍሬኑን የሚረግጠው ሌላ ሰው ነው

መኪናዬ ምርመራ አልፋ አዲስ ቦሎ የተለጠፈላት ዕለት ሌሊቱን ያለ ሐሳብ እተኛለሁ። ኃጢአቴን ከዚሁ ልጀምር። መኪናዋ በማግስቱ ያንኑ ፍሬኗን ይዛ ጣርማበርን ትወርዳለች፤ እኔን የሚያስተኛኝ ግን መስታወቱ ላይ ያለው ወረቀት ነው።

የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ያለችኝ አንዲት አይሱዙ ናት። ከቀወት ሽንኩርትና ማሾ ጭና አዲስ አበባ ትወጣለች፤ ስትመለስ ሲሚንቶም ይሁን ቢራ ያገኘችውን ትይዛለች። መከራው መልሱ ላይ ነው። ጣርማበር ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ የእኛ ቆላ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ጣሊያን ከቦረቦረው ዋሻ እንደወጡ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ተሳፋሪው እዚያ ሲደርስ ቆሎ ይገዛል፤ የጭነት መኪና ሹፌር ወርዶ ጎማውን በእጁ ይዳስሳል።

ዓመታዊ ምርመራው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ከሌለም ቦሎ የለም። ጊዜው ሲቃረብ እኔን ያየ ሰው ለመኪና የተፈጠርኩ ይመስለዋል፤ አምፖል እቀይራለሁ፣ መሪ አስጠብቃለሁ፣ የፍሬን ዘይት አስሞላለሁ። የእሳት ማጥፊያና ክሪክ የጎደለው ከወዳጁ ይዋሳል። ጎማ ሳይቀር የሚዋስ አለ። እኔ ጎማ ተውሼ አላውቅም፤ አውሼ ግን አውቃለሁ። «ለአንድ ቀን ነው» ሲሉኝ፣ በቀረው ዓመት በምን ሊሄዱ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

የፍሬኑ ምርመራ ሜዳ ላይ፣ በባዶ መኪና ነው። የፊት እግሯን ሮለሩ ላይ አቁመው ይረግጡታል፣ ኃይሉ ይነበባል፣ ከዚያ የኋላው ይቀጥላል። መሣሪያው አይዋሽም፤ የሚመልሰው ግን የተጠየቀውን ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ጭነት ይዞ ደጋግሞ ሲረገጥ ታምቡሩ ይግላል፣ ሸራው መያዝ ይሰንፋል። ለዚህ ነው አዋቂ ሹፌር በከባድ ማርሽ ይዞ የሚወርደው፣ ፍሬኑን የሚቆጥበው። ይህ ሮለር ላይ አይታይም። እኔ ደግሞ ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ክብደት አስበልጬ የምጭንበት ቀን ብዙ ነው።

አንድ ጊዜ መካኒኩ የኋላውን ታምቡር ሲያወልቅ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ጥቁር ብናኝ ተራገፈ። ሸራው ተበልቶ ከሪቬቱ ራስ በጥቂቱ ብቻ ነው ከፍ ያለው። በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገና «ምርመራውን ያልፋል» አለኝ። እፎይ አልኩ። ሰውየው ደንበኛውን ያውቃል፤ ስለ መንገዱ እንደማልጠይቀው ገብቶታል። ሸራው በኋላ የተቀየረው ሹፌሩ አልነዳም ስላለ ነው።

ራሴን ከሌላ ባለንብረት ጋር ላወዳድር። አሜሪካ ውስጥ የግል ትንሽ አውሮፕላን ያለው ሰው በየ12 ወሩ ዓመታዊ ምርመራ ካላስደረገ መብረር አይፈቀድለትም። ሥልጣኑ የተሰጠው መካኒክ ክዳኑን እየከፈተ ዝገትና ስንጥቅ ይፈልጋል፣ የእያንዳንዱን ሲሊንደር እመቃ ይለካል፣ ሲያበቃ በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ ይፈርማል። ባለቤቱ እንደ እኔው በዋጋው ቢያማርር አይገርመኝም። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ መሪውን የሚይዘው ራሱ ነው። አንዲት ብሎን ብትላላ ከላይዋ የተቀመጠው እሱ ነው። እኔ ሮቢት በረንዳዬ ላይ ስልክ ይዤ ነው የምጠብቀው።

መርማሪዎቹን ሳማ ኖሬያለሁ፤ ያጉላሉናል፣ በትንሽ ነገር ይመልሱናል እያልኩ። ልቤን ስመረምረው ግን የምፈራው አደጋውን ሳይሆን መኪናዋ መቆሟን ነው። ስትቆም ሽንኩርቱ ይበሰብሳል፣ የባንኩ ዕዳ ግን አይቆምም። ሰዉ በፍጥነቷ የተነሳ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ሰይሟት ነበር፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። የሚታማው ሹፌሩ ነው፣ ባለንብረቱን የሚያነሳ የለም። ሹፌሬን በምልልስ የምከፍለው፣ «የት ደረስክ? ቶሎ በል!» እያልኩ የምደውለው ግን እኔ ነኝ።

ልጁ ጋሼ ይለኛል። በቅርቡ ከደብረ ሲና ደወለና «ጋሼ፣ ፍሬኑ እስኪበርድ ቆሜያለሁ» አለኝ። «እስከ ስንት ሰዓት?» ነበር መልሴ። ጥቂት ዝም አለና፣ «አንድ ቀን አብረን እንውረድ፤ ሰዓቱን እዚያው ሆነው ይነግሩኛል» አለ። እሺ አልኩት። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ደጋግሜ ሄጃለሁ፤ የተመለስኩት በአውቶቡስ ነው። ስሳፈር ረዳቱን ጠጋ ብዬ «ፍሬኗ ደህና ናት?» እለዋለሁ።