የወንዙ ብርሃንና የአጎቴ ጄኔሬተር

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ተማሪዬ በክፍል ውስጥ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። ስለ ታዳሽ ኃይልና ስለ ኢኮኖሚ ዕድገት ሳስተምር እጁን አወጣና፣ «ዶክተር፣ ዓለም ዛሬ ሊደርስበት የሚሮጥበት ቦታ ላይ እኛ አስቀድመን ከነበርን፣ ስለ ምን አልበለጸግንም?» አለኝ። ለጊዜው በግራፍና በቀመር መለስኩለት። እንዳልረካ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አልረካሁም።

ጥያቄው ወደ 2001 ዓ.ም. መለሰኝ። ያን ጊዜ ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውሃ ብቻ የሚገኝ ነበር። ዝናቡ ሲያጥር፣ የአዳዲሶቹ ግድቦች ግንባታም ሲዘገይ፣ መብራት በፈረቃ ሆነ። አጎቴ ኮልፌ ውስጥ የበርና የመስኮት ብየዳ ቤት ነበራቸው። መብራት በሌለበት ቀን ሦስቱ ሠራተኞቻቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። በመጨረሻ ተበድረው የናፍጣ ጄኔሬተር ገዙ፤ ትርፋቸውን ግን ናፍጣው በላው። እኔ ያኔ ገና ጀማሪ መምህር ነበርኩና፣ የውሃ ኃይል ንጹሕና ርካሽ መሆኑን በኩራት ሳስረዳቸው በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያም፣ «ልጄ፣ ሲፈልጉት የማይገኝ መብራት ርካሽ አይባልም» አሉኝ። ዓመቱ ሳያልቅ ሁለቱን ሠራተኞች አሰናበቱ።

ከዚያ ወዲህ በሙያዬ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከዚህች ቃል ግን ርቄ አልሄድኩም። ዕድገትን የሚወስነው የኃይሉ ምንጭ ብቻ ሳይሆን፣ ኃይሉ በሚፈለግበት ሰዓትና ቦታ መድረሱ ነው። ደቡብ አፍሪካ አብዛኛውን ኤሌክትሪኳን ከድንጋይ ከሰል እያመነጨች፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በከባድ የመብራት ፈረቃ ውስጥ ነበረች፤ ስለዚህ ከሰል ዋስትና አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ የኦልካሪያን የከርሰ ምድር እንፋሎትና የቱርካናን ነፋስ ከውሃው ጋር አቀናጅታለች፤ ዝናብ ሲቀር ሌላ መጠጊያ አላት። የእኛ ድክመት ታዳሽ ኃይልን መምረጣችን ሳይሆን፣ በአንድ ምንጭ ላይ መንጠልጠላችን ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የዓባይ ግድብ ሲመረቅ፣ እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ ዕንባዬ መጣ። ከመምህሩ እስከ ሊስትሮው፣ ሁሉም ከጉርሱ ቀንሶ የሠራው ነውና። ነገር ግን ግድቡ የመንገዱ እኩሌታ ነው። ከሕዝባችን ግማሽ ገደማው አሁንም መብራት የለውም፤ በገጠር እናቶቻችን ዛሬም በማገዶ ጭስ ዓይናቸው ይቃጠላል። በሌላ በኩል ባለፉት ጥቂት ዓመታት ለቢትኮይን አምራች ኩባንያዎች ኃይል ሸጠን ዶላር አግኝተናል። ዶላሩን አልንቅም፤ እጥረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሆኖም በመጋዘን የተደረደረ ኮምፒውተር የሚቀጥረው ሰው ጥቂት ነው። ያው ኃይል ወፍጮ ቤትና ብየዳ ቤት ቢገባ የስንቱን ጎጆ እንጀራ ያበስል ነበር!

ስለዚህ ለተማሪዬ ልሰጠው የሚገባኝ መልስ ይህ ነው፦ ያልበለጸግነው ኃይላችን ንጹሕ ስለሆነ አይደለም፤ ከወንዙ እስከ ብየዳ ቤቱ ያለውን መንገድ ስላልጨረስን ነው። ባለሥልጣኖቻችንም ስለ ሜጋ ዋት ሲነግሩን፣ ስንት ሰው ሥራ እንዳገኘበት ልንጠይቃቸው ይገባል።

አጎቴ ጄኔሬተራቸውን እስካሁን አልሸጡም። «ይቀመጥ» ይላሉ። እርሳቸው የሚሸጡበትን ቀን፣ ከየትኛውም የምረቃ ሪባን አስበልጬ እጠብቃለሁ።

ቸር ይግጠመን።