የእታለም ጥርስ

በ2016 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ቆሎ ስቆረጥም አፌን ደም ደም አለኝ። ገብሱ ድዴን ወግቶኝ ይሆናል ብዬ ተጉመጠመጥሁና ተውሁት። በማግሥቱ ጥርሴን ስፍቅም ደማ። ሳምንት አልፎ በጣቴ ጫን ባደርገው መግል ወጣ። የሚገርመው ሕመም የሚባል ነገር አልነበረም። ሕመም ቢኖር ኖሮ ያን ቀን ወደ ሐኪም በሮጥሁ፤ ስላልነበረ ፋሲካን ጠበቅሁ።

የደማው ድድ በታችኛው መንጋጋዬ በቀኝ በኩል ያለችውን የተተከለች ጥርስ የከበበው ነው። እቤት ውስጥ «የእታለም ጥርስ» እንላታለን። ታላቅ እህቴ በ2009 ዓ.ም. ከዋሽንግተን ለዕረፍት መጥታ አብረን ማዕድ ስንቀርብ፣ በአንድ ወገን ብቻ እንደማላምጥ አየች። ምንም አላለችም። ተመልሳ ከሄደች ከሁለት ወር በኋላ ግን ገንዘቡ መጣ። እታለም ያን ጊዜ ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትሠራ ነበር። በዚያ ገንዘብ ብሎን የመሰለ የቲታኒየም ሥር አጥንቴ ውስጥ ገባ፤ አጥንቱ እስኪይዘው አራት ወር ጠበቅን፤ ከዚያ በላዩ የሸክላ ጥርስ ተደረገበት።

ይህ ጥበብ የተወለደው ሳይታሰብ ነው። ፐር ኢንግቫር ብሮነማርክ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የደም ዝውውርን ለማጥናት ከጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ አነስተኛ የቲታኒየም መሣሪያ ይቀብር ነበር። ጥናቱ ሲያበቃ መሣሪያውን ሊያወጣው ቢሞክር እምቢ አለው፤ አጥንቱ ብረቱን አቅፎ ይዞታል። በ1965 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሰው በዚህ መንገድ አከመ። ልጆች ሳለን የወለቀ የወተት ጥርሳችንን ወደ ጣሪያ ወርውረን በምትኩ ነጭ ጥርስ እንለምን ነበር። እኔ በጎልማሳነቴ ከጣሪያ ሳይሆን ከጥንቸል እግር ተሰጠኝ።

ራጁን ያነሣችልኝ ሐኪም ወጣት ናት። ምስሉን በመስኮቱ ብርሃን ፊት ይዛ በብዕሯ ጫፍ አሳየችኝ። በብሎኑ ዙሪያ ያለው አጥንት እንደ ስኒ ማስቀመጫ ሰርጉዶ ጠቁሯል። መካኒኮች የብሎንን ጥምዝ «ጥርስ» ይሉታል፤ የእኔዋ ብሎን ግማሽ ያህል ጥርሷ ከአጥንት ውጭ ቀርቷል። ያልታመምሁበትንም ምክንያት ነገረችኝ። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዝበት ስሜት ያለው ስስ ጅማት አለው፤ ውስጡም ነርቭ አለ። ብረቱ ሁለቱም የሉትም። እንዲያውም ድዱ እንደ ተፈጥሮ ጥርስ አጥብቆ ስለማይይዘው፣ ተሕዋስያን አንዴ ከገቡ ወደ አጥንቱ ለመውረድ መንገዱ ይቀልላቸዋል።

«ጋሼ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?» አለችኝ።

«ድሮ ተውሁት» አልኋት። ፓኮው ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

ያሉትን መንገዶች በዝግታ ዘረዘረችልኝ። ብሎኑ ቢነቃነቅ ኖሮ ምርጫ አይኖርም፤ አጥንቱ ለቆታል ማለት ስለሆነ ይነቀላል። የእኔዋ ግን ገና ጽኑ ናት። ስለዚህ በመጀመሪያ ድዱ ሳይከፈት ብረቱን በማይቧጭር መሣሪያ ይጸዳል። ያ ካልበቃ ድዱ ይከፈትና የቆሰለው ሥጋ ይወጣል፣ የብሎኑ ገላ ይታጠባል፤ ጉድጓዱ ቅርጹ ከፈቀደ በአጥንት ዱቄት ይሞላል። ያም ካልሆነ ተነቅሎ፣ አጥንቱ ወራት ወስዶ ሲያገግም እንደገና መትከል፣ ወይም ግራና ቀኝ ያሉትን ጥርሶች ሞርዶ ብሪጅ ማሠራት፣ ወይም የሚወልቅ ጥርስ ማድረግ፣ ወይም ክፍተቱን እንዳለ መተው።

መጽዳቱን መረጥሁ። በሰኔ ስመለስ አሁንም ይደማል። ሐኪሟ ራጁንም እኔንም እያፈራረቀች አየችና ያንኑ ጥያቄ መልሳ ጠየቀችኝ። በዚህ ጊዜ እውነቱን ተናገርሁ፤ በቀን ግማሽ ፓኮ። በየስድስት ወሩ መታየት የሚገባትን ጥርስ በሰባት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ እንዳሳየኋትም አልሸሸግሁም። አልተቆጣችኝም። ድዱን ብትከፍተው እንኳ እያጨስሁ የሚድንበት ዕድል አነስተኛ እንደሆነና ይህን እያወቀች ገንዘቤን መቀበል እንደሚከብዳት ነገረችኝ። ባትቆጣኝ ይሻል ነበር የምንለው እንዲህ ያለ ጊዜ አይደለም፤ ብትቆጣኝ ነበር የሚቀለኝ።

ለእታለም መደወል ግን ከቢላው ይልቅ አስፈራኝ። ሦስት ሳምንት አንገራገርሁ። በመጨረሻ እሑድ ማታ ደውዬ ስለ ጥርሷ ነገርኋት፤ ስለ ሲጋራውም። ዝምታዋ ረዘመ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እታለም?» አልሁ።

«አለሁ። አባባም በዚሁ ሲጋራ እንደሄደ ረስተኸው ነው?» አለችኝ። ስለ ገንዘቡ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እኔ በሦስቱ ሳምንት የተዘጋጀሁት ስለ ገንዘቡ ለምትናገረው መልስ ነበር።

ማጨስ ያቆምሁት በዚያ ሳምንት ነው ብል ደስ ባለኝ። ያቆምሁት በነሐሴ አጋማሽ፣ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ከወደቅሁ በኋላ ነው። በ2017 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ድዴ ተከፈተ። በማደንዘዣው ምክንያት የተሰማኝ የመፋቅ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ምጣድ ሲፋቅ እንደሚሰማው ያለ። ጉድጓዱ የተሞላበት ዱቄት ከከብት አጥንት የተዘጋጀ መሆኑን ስትነግረኝ፣ ፍልሰታ ማለፉ ጥሩ ሆነ ብዬ ላስቃት ፈለግሁ፤ አፌ ግን ክፍት ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስፌቱ ተፈታ።

ከዓመት በኋላ፣ በ2018 ዓ.ም. መስከረም፣ አዲሱ ራጅ ከአሮጌው ጎን ተደረገ። አጥንቱ ከታች በኩል ጥቂት ሞልቷል፤ የላይኞቹ ጥምዞች አሁንም ከአጥንት ውጭ ናቸው። ድዱ ወደ ታች ስለሸሸ ከሸክላው ሥር የብረቱ ግራጫ ጠርዝ ይታያል። ደሙ ቆሟል። ሐኪሟ «ዳነ» አላለችም፤ «ቆሟል» ነው ያለችው፤ በየሦስት ወሩ እንድትታይም ቀጠሮ ጻፈችልኝ።

እታለም በየእሑዱ ስትደውል በመጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ሲጋራው ነው፤ ከዚያ ስለ ጥርሷ። ስለ ሁለቱም እውነቱን እነግራታለሁ። ቆሎ ግን እስከ ዛሬ የምቆረጥመው በግራ በኩል ነው።