«ሲስተም የለም»

በጅማም ይሁን በአጋሮ፣ በየቡም ይሁን በሊሙ ገነት፣ የባንክ ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ሲስተም የለም»። ካሸሩ አንገቱን ሳያቀና ይናገራታል። ደንበኛው ደግሞ መንገድ ስለ ሄደ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሁሉ «መቼ ይመጣል?» ይላል። ሲስተም በእኛ ዘንድ እንደ ዝናብ ነው። ይመጣል፣ ይቀራል፤ የሠራው ሰው ግን ያለ አይመስልም።

ሠሪዎቹን፣ ከእነሱም ቀጥሎ የሚመጡትን ፈታሾች በቅርብ ያየኋቸው የምሠራበት ባንክ ዋናውን የሒሳብ ሲስተም በለወጠበት ወቅት ነው። ከየአካባቢው ሥራውን የሚያውቅ ሠራተኛ ለፍተሻ ይላክ ተባለ። ሥራ አስኪያጃችን ግጥም እንደምሞካክር፣ በስብሰባ ላይም ጥያቄ እንደማበዛ ያውቃሉ። «አንተ መቼም ነገር ፈላጊ ነህ፤ ሂድና እዚያ ፈልግ» ብለው ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሶፍትዌር ፈታሽነት ብዙ ትርጓሜ አንብቤአለሁ፤ ከእሳቸው የተሻለ ግን አላገኘሁም።

ሥራው እንዲህ ነው። አዲስ አበባ፣ ኮምፒውተር በተደረደረበት አዳራሽ ትቀመጣለህ። እርምጃዎቹ በወረቀት ተጽፈው ይሰጡሃል፤ ይህን ሙላ፣ ያን ተጫን፣ ይህ ውጤት መውጣት አለበት። ከወጣ «አለፈ»፣ ካልወጣ «ወደቀ» ብለህ ትጽፋለህ። በወረቀቱ ላይ ያለው ደንበኛ ሁልጊዜ አበበ በቀለ ነው። አበበ በቀለ ሁልጊዜ አንድ ሺህ ብር ያስገባል፣ የተወለደው መስከረም 1 ቀን ነው፣ መስመር ተቋርጦበትም አያውቅም። በአበበ በቀለ ሲፈተሽ የማያልፍ ነገር የለም።

እኔ በልቤ ይዤ የሄድኩት ግን የጅማን ሰው ነበር። የአባቱ ወይም የአያቱ ስም አባ ጊቤ፣ አባ ፊጣ፣ አባ መጫ የሆነ ደንበኛ በእኛ አገር ብዙ ነው፤ የጅማ ነገሥታት እነ አባ ጅፋር የሚጠሩበት የስም ወግ ነው። ሲስተሙ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ሲያይ የቀረውን ቆርጦ ይጥላል። በአንድ ከሰዓት በኋላ የአባታቸው ስም «አባ» ብቻ የሆነ የደንበኞች መንጋ አፈራን። ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደች እናት መታወቂያዋን ይዛ ብትመጣም፣ ዓመት አሥራ ሦስት ወር ሊኖረው እንደሚችል ለሲስተሙ የነገረው ስለሌለ ይመልሳታል። እነዚህን ገንቢዎቹ እየሳቁ በሁለት ቀን አስተካከሉ። ትጉሃን ናቸው፤ ወንበር ላይ አንቀላፍተው የሚያነጉበት ሌሊት ብዙ ነበር።

ያልተሳቀበት ሦስተኛው ነው። ገንዘብ ተቀብለህ «አጽድቅ» የሚለውን በተጫንክባት ቅጽበት መስመር ቢቋረጥስ? በኅዳር፣ አጋሮ ላይ፣ ይህ «ቢሆንስ» የሚባልለት ነገር አይደለም። ቀይ ቡና ዛፍ ላይ አይጠብቅም፤ ለቀማው ሲደርስ ሰልፉ ከበር ይወጣል፣ ሻጩም አቅራቢውም ይቸኩላል። ማሽኑ ዝም ሲል ካሸሩ ደግሞ ይጫናል። የኔትወርኩን ገመድ ነቅዬ ሞከርኩት፤ አንዱ ገቢ ሁለት ጊዜ ተመዘገበ። «ወደቀ» ብዬ ጻፍኩ። ገንቢው መጥቶ ራሱ ሞከረና «ወንድሜ፣ እኛ ጋ እኮ ይሠራል» አለኝ። እውነቱን ነው። እነሱ ጋ ይሠራል።

ላስረዳው ስሞክር የጠቀስኩለት ከጅማ ከተማ አጠገብ ያለውን የመልኮን የግብርና ምርምር ማዕከል ነበር። የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ገና አረንጓዴ ፍሬውን እያጠቆረ ያረግፋል። ተመራማሪዎቹ ጎረቤቶቹ ሲታመሙ ጤነኛ ሆኖ የቆመ ዛፍ ፍለጋ በየጫካው ዞሩ። ዘሩን ይዘው ሲመለሱ ግን ችግኙን አልተንከባከቡትም፤ በሽታውን ሆን ብለው ለቀቁበት። ያንን ችሎ የቆመው ቁጥር ተሰጠው፤ 74110፣ 74112 እየተባለ። «74» የተመረጠበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974። (ካላንደሩ እዚህም የእኛ አይደለም።) እነዚህ ቁጥሮች ዛሬም በጎማና በሊሙ ኮረብታዎች ላይ ፍሬ ይሰጣሉ። ገንቢው ታሪኩን ወዶት ሰማኝ፤ ወዲያው ግን የምረቃው ቀን መቆረጡን አስታወሰኝ። ቀኑ የተቆረጠው ፍተሻው ሳይጀመር ነበር። ለግንባታው የታሰበው ጊዜ ሲያልቅ የሚነጠቀው ሁልጊዜ የፈታሹ ጊዜ ነው። የእኔ «ወደቀ» «ወደፊት የሚታይ» በሚል ርዕስ ሥር ተዘዋወረች፤ በየካሸሩ መስኮትም አንዲት ወረቀት ተለጠፈች፤ «መስመር ሲቋረጥ ደግመው ከመጫንዎ በፊት የሒሳብ መግለጫውን ይመልከቱ»። በሰልፍ ፊት!

ትልቅ ስሕተት ምስክር አያጣም። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሲስተም ችግር ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ ያደሩበትን ሌሊት ታስታውሳላችሁ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢም በዜናው ተጠቅሶ ነበር። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መውጣቱን ገለጠ፤ አብዛኛውም ተመለሰ። ያን ሌሊት ጥፋቱ የማሽን መሆኑን የተጠራጠረ አልነበረም። አጋሮ ላይ ሁለት ጊዜ የተመዘገበች የአንድ ገበሬ ገቢ ግን ማን ይመሰክርላታል? ማታ ካዝናው ሲቆጠር ሲስተሙ ከእጅህ ያለፈ ገንዘብ ይጠይቅሃል። ስሙ ጉድለት ነው፤ ጉድለት ደግሞ ከደመወዝህ ይቆረጣል።

ይህ ቅዠት እንዳልሆነ የብሪታንያ ፖስታ ቤት ያሳየናል። ፉጂትሱ የሠራው ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሲስተም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በየቅርንጫፉ ተዘርግቶ፣ የሌለ ጉድለት ያሳይ ነበር። ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆትና በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባሉ። ቤታቸውን የሸጡ፣ የታሰሩ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። ለእርዳታ ሲደውሉ ብዙዎቹ የተነገራቸው «እንዲህ ያለ ችግር የገጠመህ አንተ ብቻ ነህ» የሚል ነበር። ፓርላማው የብዙዎቹን ፍርድ በሕግ የሻረው በ2024 ነው። ይህን ባነበብኩበት ምሽት ያቺ የነቀልኳት ገመድ ታወሰችኝ፤ ግጥም ልጽፍባት ጀምሬ ተውኩት። ስለ ጉድለት ስንኝ መቋጠር ለካ ቀላል አይደለም።

በመስኮቶቻችን ላይ የተለጠፈችው ወረቀት አሁን ዳሯ ተቆልምሞ፣ ቀለሟም ወይቧል። በቅርቡ ሌላ ማሻሻያ እንደሚመጣ ተነግሮናል። ፍተሻው በሐምሌ፣ አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን በኅዳር፣ አጋሮ ቅርንጫፍ፣ ሰልፉ ፊት እንዲደረግ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ሥራ አስኪያጃችን አንብበው ፈገግ አሉና ፈረሙበት። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቷል፤ ቁጥርም ተሰጥቶታል።