ስኳር ሊበደር የመጣው ልጅ

ልጄ፣ ባለፈው እሁድ ከእናንተ ቤት ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ነገር በሆዴ ይዤ ሰነበትኩ። በስልክ መናገሩ አልሆነልኝምና ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ያን እሁድ ማታ ለልጅሽ ስታነቢላት ከጎናችሁ ነበርኩ። ያነበብሽላት ሊዮ ሊዮኒ በ1963 እንደ ፈረንጆች ያወጣው፣ የትንሹ ጥቁር ዓሣ መጽሐፍ ነው። ወንድም እህቶቹ ሁሉ ቀያይ ናቸው፤ እሱ ብቻ ጥቁር። አንድ ትልቅ ዓሣ መጥቶ ሁሉንም ውጦበት ብቻውን ሲንከራተት ከርሞ፣ ፈርተው የተደበቁ ሌሎች ቀያይ ዓሦች ያገኛል። ተጠጋግተው እንደ አንድ ግዙፍ ዓሣ እንዲዋኙ ያስተምራቸውና እሱ ዓይን ይሆናል። ልጅሽ እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ ጣቷን ጥቁሩ ዓሣ ላይ ተክላ አላስገልጥም አለች። «አያቴ፣ ዓይኑ እኮ እሱ ነው!» አለችኝ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን ነው ያሳደግናችሁ። ይህ መጽሐፍ ግን አንድ ነገር ጨመረልኝ፦ ጥቁሩን ዓሣ «መጀመሪያ እንደኛ ቀይ ሁን» ያለው የለም። ዓይን ለመሆን የበቃው በጥቁረቱ ነው። ደራሲው የልጆች መጽሐፍ መሥራት የጀመረው አያት ከሆነ በኋላ መሆኑን ስሰማ ደግሞ ይበልጥ ወደድኩት። ባቡር ላይ የልጅ ልጆቹ ሲቁነጠነጡበት ከመጽሔት ላይ ሰማያዊና ቢጫ ወረቀት ቀዶ ተረት ፈጠረላቸው ይባላል።

የኛንም ተረት ንገሪያት፣ ልጄ። ጅቡ ሆዳም፣ ጦጣዋ ብልጥ፣ አህያው ሞኝ የሆነበትን ማለቴ ነው። ተንኮለኛን ማወቅ ከዚያ የተሻለ የሚያስተምር አላየሁም። ብቻ እንስሳውን ስድብ አድርገን አስቀረነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንላለን፤ ትምህርት የከበደውን ልጅም «አንተ አህያ» እንለዋለን። አህያ ምን እንደሚሠራ ለማየት ግን ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን አስቢው። ሳን ፍራንሲስኮ በልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ ቆይቶ አገሩ ተመለሰና በ2003 እንደ ፈረንጆች አዲስ አበባ ሾላ ላይ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሐዋሳ ላይ መጻሕፍቱን በጋሪ ጭኖ ልጆቹ ወዳሉበት ሲልክ፣ ጋሪውን የጎተተው አህያ ነው። ልጅሽ ይህንንም ትስማ።

አሁን ወደ ሆዴ ነገር ልመለስ። ያን ማታ ልጅቷ ገና ሳትተኛ እንግዶቻችሁ የዘበኛችሁን አማርኛ እያስመሰሉ ሲስቁ፣ አንቺም ፈገግ ብለሽ ነበር። ክፋት የለብሽም፤ አውቃለሁ። ልጅሽ ግን ከመጽሐፉ ቀና ብላ ፊትሽን አየች። ልጅ ሥዕሉን አይቶ ሲያበቃ ዞሮ የሚያየው የእናቱን ፊት ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ሲባል የሰማሽው ከኔው አፍ ነው።

ይህን ስልሽ ንጹሕ ሆኜ አይምሰልሽ። አንቺ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሽ የጎረቤታችን ልጅ ስኳር ሊበደር ሲኒ ይዞ መጣ። «ስ… ስ…» ብሎ ቃሉ አልወጣ ሲለው አንቺ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅኩ። አንቺን ያሳቀሽ ልጅነት ነው፤ እኔን ምን አሳቀኝ? ሲኒውን ባዶውን ይዞ ተመለሰ። እናቱ ያን ቀን አንድም ጊዜ አንስታብኝ አታውቅም፤ ባነሳችው ይሻለኝ ነበር። አያትሽ ሀብት አላወረሱንም። ያወረሱን ነገር ቢኖር ደጃችንን የረገጠ ሰው ተዋርዶ አይወጣም የሚባል ስም ነበር። ያን ስም ያጎደልኩት እኔ ነኝ፤ በአንዲት ሳቅ።

ለዚህ ነው ልጅሽን አደራ የምልሽ። መጽሐፉን አንብቢላት፤ ደግሞም አንብቢላት። ዘበኛውንም በስሙ ጥሪው፤ እሷም በስሙ ትጥራው። እንግዳ ሲያሾፍ መቆጣት ባትችይ እንኳ አትሳቂ። ዝም ማለትም አንድ ነገር ነው፤ ልጅቷ ታየዋለች።

ያ ልጅ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ሆኗል። ከመንገዱ ዳር ትንሽ ሱቅ አለው። አሁንም ቃል ሲይዘው ቆም ይልና ይቀጥላል። እኔም በየቀኑ በደጁ አልፋለሁ፤ ሰላም እለዋለሁ፤ ይቅርታ ግን ሳልጠይቀው ስንት ዓመት! የፊታችን እሁድ ልጅሽን ይዘሽ ነይና ቤቱ አብረን እንሂድ። ስኳሩን እኔ እይዛለሁ። አንቺ የዓሣውን መጽሐፍ ለልጆቹ ያዢላቸው።

አባትሽ