መራኬኽና የእናቴ ጋቢ

ልጆቼ፣ እናንተ "መራኬኽ" ስለምትሉት የልብስ ማለስለሻ ልንገራችሁ።

ጎንደር ሳለን ዓርብ ዓርብ ለሰንበት የምንለብሰውን ይዘን ወንዝ እንወርድ ነበር። ሳሙናችን እንዶድ ነው፤ ፍሬውን ወቅጠን ውሃ ስንጨምርበት አረፋ ይደፍቃል። ነጠላውን ድንጋይ ላይ አሽተን፣ አለቅልቀን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። ማለስለሻ ማን ያውቅ ነበር እቴ!

በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስመጣ ከእናቴ ቤት የያዝኩት አንድ ጋቢ ነው፤ ጥጡን ራሷ የፈተለችው። ቂርያት ጋት ከገባን በኋላ አንድ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። ልጆቹ "ቅመም ቅመም ትሸቻለሽ" ብለዋታል። ከዚያን ቀን ወዲህ መራኬኹን በክዳን መለካት ትቼ በብርጭቆ እጨምር ጀመር። በልብሱ ሁሉ ላይ፣ በጋቢውም።

ዓመታት አልፈው የልጅ ልጄን አጥቤ በዚያ ጋቢ ብጠቀልላት ገላዋ አልደርቅ አለ። ለካ ማለስለሻው ጥጡን እንደ ቅባት ይለብሰዋል፤ ለእጅ ይለሰልሳል፣ ውሃ ግን እንደ ልቡ አይጠጣም። ፎጣም እንደዚያው ነው።

አሁን ለናይሎን ልብስ ካልሆነ አልገዛውም፤ እሱን እንኳ ገላ ላይ እንዳይጣበቅ ይረዳዋል። ለጥጥ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ትንሽ ነጭ ኮምጣጤ ይበቃል፤ ከበረኪና ጋር ብቻ እንዳታገናኙት። ደጋግሜ ሳጥበው ጋቢው ውሃ መጠጣት ጀመረ።

ባለፈው ልጄ መጥታ፣ ጋቢውን ደርባ ቡና ስንጠጣ "እማዬ፣ ቅመም ቅመም ይሸታል" አለችኝ።

አላወለቀችውም።