ከእናቴ ግቢ የሚሠሩት ሁለት ክፍሎች



ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶን ነበር። ጥያቄው «ወጣት የመጀመሪያ ገንዘቡን ምን ያድርግበት?» የሚል ነው። አንዱ ሱቅ ይክፈት አለ፤ ሌላው ሰሊጥ ይዝራ አለ፤ አብዛኞቹ ግን «ቤት ሠርቶ ያከራይ፤ ቤት እኮ ባለቤቱ ተኝቶ እያለ ይሠራለታል» ብለው ፈረዱ። እኔ በዚያች ሌሊት ብዙም አልተናገርኩም። ጉዳዩ ለእነሱ ጨዋታ ሲሆን ለእኛ ቤት ግን የዘንድሮ የቤተሰብ ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ ያልተናገርኩትን እዚህ ልጽፈው።

እኔ የገንዳ ውሃ ልጅ ነኝ፤ ሸኸዲ የምትሏት ከተማ ማለቴ ነው። ከጎንደር ወደ ሱዳን በሚወስደው መንገድ መተማ ዮሐንስ ከመድረሳችሁ በፊት ታገኟታላችሁ። እናቴ ካርታ ያለው ግቢ አላት። ከምንኖርበት ቤት ሌላ በመንገዱ በኩል አንዲት ክፍል ስትኖር እሷን አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር ተከራይቷት ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ታላቅ ወንድሜ አምና በሰሊጥ ቀንቶት 180,000 ብር ይዞ መጣና «በግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል ጨምረን እንሥራ፤ አንዱ ያንተ ይሁን» አለኝ። እናቴም በሃያ አምስት ሴቶች ዕቁብ በየሳምንቱ 800 ብር ትጥል ስለነበር ዕጣዋ 20,000 ብር ሲወጣላት ጨመረችበት። እንግዲህ በሃያ ዓመቴ፣ ደመወዝ የሚባል ነገር ገና በእጄ ሳይገባ፣ አከራይ ልሆን ነው ማለት ነው። ማን ይጠላል!

አያቴ ግን «ትርፍ ቤት እንዳይሉባችሁ» አለች። እኛ ሳቅን፤ እሷ አልሳቀችም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ሰው የሚኖርበት አንድ መኖሪያ ቤት ቀርቶለት የሚያከራየው ተወሰደበት። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ያ ዘመን አልፎ ዛሬ ግለሰብ እንደ አቅሙ ሠርቶ ያከራያል። መሬቱ ግን አልተመለሰም፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ አንድ ደላላ «ቦታ ላሻሽጥህ» ቢላችሁ ሊሻሻጥ የሚችለው በላዩ የቆመው ቤትና የመጠቀም መብቱ ነው። ካርታ ከሌለውማ የጨረቃ ቤት ነው፤ ዶዘር ሲመጣ ኪራዩም ተከራዩም አብረው ይሄዳሉ። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው አንድ ጓደኛችን በክርክሩ ላይ ኮንዶሚኒየምን አንሥቶ ነበር፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱን አከራይቶ፣ ራሱ ከወላጆቹ ጋር እየኖረ በኪራዩ የባንክ ዕዳውን ይከፍላል። ብልህነት ነው፤ ግን መጀመሪያ ዕጣው ይውጣ! ለእኔ የወጣልኝ ዕጣ የእናቴ ግቢ ነው።

ታዲያ በቆላ ቤት መሥራት ደጋ ላደገ ሰው እንደሚመስለው አይደለም። የኛ አገር አፈር ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በላዩ የቆመው ግድግዳም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ጠለቅ አድርጎ ቆፍሮ፣ ዋልካውን አውጥቶ፣ ጉድጓዱን በድንጋይ ያልሞላ ሰው ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቆ ያገኘዋል። እኛ ከገንዘባችን ብዙውን የቀበርነው እዚያ ነው። ጎረቤት ሲያየን «ቤት ነው ወይስ ጉድጓድ የምትሠሩት?» እያለ ይቀልድብን ነበር።

ከዚያ ምስጥ አለ። ማገሩንና ቋሚውን ከውስጥ በልቶ ጭቃውን ብቻ ያቆምልሃል፤ ደገፍ ስትል ነው የምታውቀው። ወንድሜ የቋሚዎቹን እግር በተቃጠለ የሞተር ዘይት እየነከረ ነው የተከለው። ሙቀቱስ? ከየካቲት ጀምሮ ክረምቱ እስኪገባ ቀኑ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ምጣድ ነው። የሣር ክዳን ይቀዘቅዛል፤ እሳት ግን ያስፈራል። ለኮርኒስ ገንዘብ የሚሰስት አከራይ ተከራዩ አልጋውን አውጥቶ ውጭ እንደሚያድር ይወቅ፤ ያለ አጎበር ውጭ ያደረን ሰው ደግሞ የቆላ ትንኝ አይምረውም። እናቴ ከመምህሩ ደጃፍ የተከለቻት የኒም ዛፍ ጥላዋ ከማንኛውም ኮርኒስ ይበልጣል።

አሁን ወደ ሂሳቡ፤ ጭቅጭቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወንድሜ እንዲህ ቆጠረ፤ ነጋዴ ለአንድ ክፍል በወር 1,800 ብር ይከፍላል። በአሥራ ሁለት ወር 21,600 ብር ይሆናል። 100,000 ብር የፈጀ ክፍል አምስት ዓመት ሳይሞላው ገንዘቡን መለሰ ማለት ነው። እኔም ደብተሬን አወጣሁና «ጋሼ፣ ነጋዴው ስንት ወር ነው የሚቀመጠው?» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምት ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ከተማውን ይሞላዋል። ሆኖም አንድ ሁለት ሌሊት አድሮ ወደ እርሻው ይወሰዳል፤ እዚያው ዳስ ውስጥ ይተኛል። እሱ ለአዳር አልጋ እንጂ ቤት አይከራይም። ነጋዴው የሚመጣው ሰሊጡ ተራግፎ ጆንያ ሲገባ ነው፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሚዛኑን ጠቅልሎ ይሄዳል። ከጥቅምት እስከ የካቲት አምስት ወር በሉት። አምስት ጊዜ 1,800፣ 9,000 ብር። መምህሩ የሚከፍለው በወር 1,000 ብር ነው፤ ክረምት ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ እንኳ ዕቃው ስለሚቀመጥ አያቋርጥም። አሥራ ሁለት ጊዜ 1,000፣ 12,000 ብር። ከሁለቱም ላይ ለምርጊትና ለጥገና በዓመት 2,000 ብር ቀንሱ። በመምህር ኪራይ 100,000 ብር በአሥር ዓመት ይመለሳል፤ በነጋዴ ኪራይ ግን ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ይፈጃል። የኪራይ ገቢ ግብርንም ያልቆጠረ ሰው ሂሳቡን አልጨረሰም።

ወንድሜ «በቀሩት ሰባት ወራት ሌላ ሰው ይገባል» ይላል። ሊገባ ይችላል፤ ሐሰት አልለውም። የጉምሩክ ሠራተኛ አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ የጤና ባለሙያ አለ። ግን እነሱም ቢሆኑ እንደ መምህሩ ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጡ የደመወዝ ሰዎች ናቸው፤ ለነጋዴ አምስት ወር ይለቀቅ ብትላቸው ማን ይሰማሃል?

ደግሞ የጠረፍ አገር ገበያ ማዶ በሆነው ሁሉ ይናወጣል። መተማ ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ መተላለፊያ ናት፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁባት የጦር ሜዳም እሷው ናት። በቅርቡ እንኳ በ2014 ዓ.ም. ሱዳን የገላባትን በር ዘግታ ከሳምንታት በኋላ ከፈተችው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው በመተማ በኩል ገባ፤ በእነዚያ ሳምንታት በር ያለው ክፍል ሁሉ ተፈላጊ ሆነ። አንድ የምናውቀው ልጅ ይህን አይቶ በብድር ስድስት ክፍል ጀመረ። ቆርቆሮው ተመትቶ ሲያልቅ ግን ከመጣው ሰው ብዙው ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ አልፎ ነበር። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ የአንድ ወርን ኪራይ በአሥራ ሁለት አባዝቶ ነው የተበደረው። እኔ በበኩሌ ነፍሱን ለማዳን ከሸሸ ሰው በእጥፍ የሚገኝን ኪራይ በደብተሬ ላይ አላሰፍርም።

ወንድሜ በቅርቡ አዲስ ሐሳብ አመጣ። የመምህሩ ክፍል በመንገዱ በኩል ስለሆነች ለሚዛንና ለጆንያ ትመቻለች፤ ስለዚህ መምህሩ ይልቀቅና ነጋዴ ይግባባት፤ መኪና እንዲጠጋም ኒሟ ትቆረጥ አለ። እናቴ ቡናዋን እየቀዳች ዝም ብላ ሰማችውና ወደኔ ዞራ «አንተስ ነገ መምህር ሆነህ በሰው አገር ማን ቤት ልትገባ ነው?» አለችኝ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሠልጣኞች ሁላችሁ እንደምታውቁት መልሱ ቀላል ነው። ስንመረቅ ሻንጣችንን ይዘን የማናውቀው ወረዳ ወርደን የማናውቃትን እናት በር እናንኳኳለን። እኔ በአንድ ጊዜ አከራይም ተከራይም እሆናለሁ።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በክልሎች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። ወንድሜ ይህችን ዓረፍተ ነገር ይዞ «እኛን አይመለከተንም» ይለኛል። ቢመለከተንም ባይመለከተንም ሁለት ዓመት የሚቀመጥ ተከራይ ለአከራዩም ይጠቅመዋል፤ ሂሳቡን ከላይ አሳይቻለሁ። መምህሩም ባለ ኮርኒሷ አዲስ ክፍል ስትደርስ በወር 1,200 ብር እንደሚከራያት፣ አሮጌዋንም ለሌላ መምህር ጓደኛው እንደሚያስይዝልን ነግሮናል።

በአሁኑ ጊዜ የሁለቱም ክፍሎች ግድግዳ ሁለተኛ ምርጊት ተመርጓል፤ ቆርቆሮው ተመትቷል፤ የሚቀረው በርና ኮርኒስ ነው። ውሉን በእጄ ጽፌ ባለፈው ቅዳሜ ወደ ቤት ላክሁት። ወንድሜ «ሁለት ዓመት» የሚለውን ሰርዞ «አንድ» ጽፎበታል አሉ። እናቴ ገና አልፈረመችም። መምህሩ ግን ውሉን አንብቦ አንድ ነገር ብቻ እንዲጨመርለት ጠይቋል፤ ኒሟ እንዳትቆረጥ።