«ጣትሽን ተዪ!»

ባለፈው ሰሞን አንድ ማታ ልጄን አስለቀስኳት። ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የቤት ሥራዋ 20 የመደመርና የመቀነስ ጥያቄ ነበር። «ስምንት ሲደመር አምስት?» ስላት ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ እጇ ግን ጠረጴዛ ሥር ገብቷል። ጎንበስ ብዬ ባይ ጣቷን ትቆጥራለች።

«ጣትሽን ተዪ! በቃልሽ!» ጮህኩባት። እውነቱን ለመናገር ጩኸቷ የኔ አይደለችም። አስተማሪያችን ጣታችንን በማስመሪያ እየመቱ ያስጠኑን ናት፤ 30 ዓመት ሙሉ ሳላውቀው ተሸክሜያት ኖሬአለሁ።

ለቅሶው ግድግዳ ዘልቆ «እትዬ» የምንላቸው ጎረቤታችን ዘንድ ደረሰ። ጡረታ የወጡ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናቸው። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡና «የእንቁላል ካርቶን አለ?» አሉ። ባለ 30 ጉድጓዱን ካርቶን በመቀስ ቆርጠው 2 ረድፍ አስቀሩ፤ በየረድፉ 5 ጉድጓድ። ከዚያ ቆርኪ ጠየቁ። (ቆርኪ እንኳ ከኔ ቤት አይጠፋም፤ ከየት እንደመጣ አትጠይቁኝ።)

ስምንት ቆርኪ ደረደሩ። «ስንት ባዶ ይታይሻል?»

«ሁለት!»

አምስት ቆርኪ እጇ ላይ አደረጉላት። «በይ ባዶዎቹን ድፈኚያቸው።» ሁለቱን ከተተች፤ ሦስቱ እጇ ላይ ቀሩ። «አስርና ሦስት… አስራ ሦስት!» መቀነሱም በዚያው መንገድ ወደ ኋላ ነው። አምስት ለማንሳት መጀመሪያ ትርፎቹ ሦስቱ ይሄዳሉ፤ ከካርቶኑ ደግሞ ሁለት። ስምንቱ ቁጭ ብለው ይታያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከነከነኝ። አማርኛችን «አስራ ሦስት» ሲል መልሱን ከነአሠራሩ ነው የሚናገረው። የግዕዙም ፲፫ ያው አስርና ሦስት ጎን ለጎን ነው። የኔዋ ግን ሒሳብ የምትማረው በእንግሊዝኛ ነው። «ኢለቨን» እና «ትዌልቭ» ውስጥ አስሯ የት እንዳለች ማን ያሳያት? እኔው ነኝ ገንዘብ ከፍዬ የሸሸግኩባት።

«ጣቷንስ ምን አድርጊ ትላታለህ?» አሉኝ እትዬ ሲወጡ። «ጣትም እኮ አምስትና አምስት ነው። ልጅቷ አላጠፋችም፤ አንድ ሁለት እያለች ከመቁጠር ወደ ማየት ገና አልተሻገረችም። በቁጣ ደግሞ የተሻገረ የለም።»

ማታ ማታ አስር አስር ደቂቃ ተጫወትንበት። መጀመሪያ በቆርኪ፣ ቀጥሎ ባዶውን ካርቶን ብቻ እያየች፣ በኋላ ካርቶኑን ደብቄ። ትናንት «ዘጠኝ ሲደመር ስድስት?» አልኳት። ጣራ ጣራ አየች። የለመደብኝ ሆኖ ጎንበስ ልል ስል እጇ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ባዶዋ አንድ ናት… አስራ አምስት!» ብላ አፈጠጠችብኝ። «አባዬ፣ ተራው ያንተ ነው። አስራ ሰባት ሲቀነስ ዘጠኝ?»

እጄ ጠረጴዛ ሥር ገባ።